የጣት ቀለበት

ጎዞ፣ የማልታ ታናሽ እህት፣ ነፋስ ባልነቃበት ማለዳ፣
ዓይን የተሳለባት ጀልባ ቆማለች ከገደሉ ጓዳ።
አባቴ ዌንዙ መልሕቁን ጥሎ፣ ገመዱን በእግሩ ረግጦ፣
የሲሊንደሬን አየር ለካ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳምጦ።
እሱ አይወርድም ከእንግዲህ፤ ተቀድዷል የጆሮው ታምቡር፤
ሐኪሙ ጣቱን እየነቀነቀ «በቃህ» ብሎታል ከባሕር።

ባትሪውን አወጣ፣ ያረጀውን፣ በጎማ የተጠቀለለ፣
በእጄ አንጓ ላይ አሰረና፣ ውኃውን እያየ እንዲህ አለ፦
«ከዋሻው አፍ ገብተሽ በስተቀኝ፣ ጉድጓድ ቁጠሪ፤ ሦስተኛው
የሽማግሌው ቤት ነው፤ እዪልኝ፣ አለ እንደሆን ያ ቸርናው።
አፈ ሰፊ ዓሣ ነው፣ ቡናማ፣ ከንፈሩ የተተረተረ፤
አባቴ ነው በመንጠቆ የወጋው፤ ገመዱን በጥሶ በረረ።
አባቴ ዋና አይችልም ነበር።
አርባ ዓመት በላዩ ቀዘፈ፣ ደጁን ሳያይ፣ እስኪቀበር።»

ከልጅነቴ ያስተማረኝ ቋንቋ አለ፣ ድምፅ የሌለው፤
አውራ ጣት ሽቅብ ሲቀሰር «ጎበዝ» ማለት አይደለም፣
«በቃ፣ እንውጣ» ማለት ነው።
አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ክብ ሲሠሩ፣
«ደህና ነኝ፣ ሁሉ ደህና ነው» ነው ምሥጢሩ።
የአጎቴ ልጅ ፊሉ ቀለበት ሠራልኝ። ቀለበት መለስኩ።
ጀርባዬን ለውኃው ሰጥቼ ወደቅሁ፤
ሰማዩ እንደ ሳህን ተሰበረ፤ ከዚያ ጸጥ።

አምስት ሜትር። አሥር። አፍንጫዬን ይዤ ጆሮዬን አስተነፈስኩ።
ገደሉ፣ ከላይ የማውቀው፣ ፀሐይ ያደረቀው ቢጫ አለት፣
እዚህም አላለቀም፤ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ እንደ ሕንፃ መሠረት፤
መሠረቱ ግን የታለ?
ከእግሬ ሥር ሰማያዊ፣ ከዚያ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከዚያ ስም የሌለው አለ።
ቀይ ነው አስቀድሞ የሚሞት፤ የፊሉ ቀይ ጓንት አመድ መሰለ።
ቀጥሎ ብርቱካን፣ ቢጫ፤ ባሕር በየኬላው ቆሞ እንደ ቀራጭ
ከወራጅ ሁሉ ይቀበላል፤ የለም ሳይከፍል የሚያመልጥ።

ባትሪዬን ሳበራ ግን
ግድግዳው ደም ነበረው!
ሰፍነጉ፣ ኮራሉ፣ ቀይ በቀይ፣ እንደ ፍም የተነፋ፣
አንድ ክንድ የምታህል ሠርግ፣ ብርሃኔ ሲያልፍ የምትጠፋ።
አንዲት ሽሪምፕ ጢሟን አወዛውዛ
የማን እንግዳ ነሽ አለችኝ።

የዋሻው አፍ። አሥራ ስምንት ሜትር።
ትንፋሼ እንደ መጋዝ፣ ሳብ፣ መለስ፣ ሳብ፣ መለስ፣
አረፋዬ ጣራውን ነክቶ እንደ ቀለጠ ብር ሲርመሰመስ።
አንድ። እባብ መሳይ ዓሣ፣ አፉን ከፍቶ፣ ቃሉን እንደረሳ ምስክር።
ሁለት። የተሰበረ ጠርሙስ አንገት፣ አሸዋ።
ሦስት።
በሆዴ ተንሳፍፌ አየሁት፤
እስከ ጥጉ፣ እስከ ጓዳው ብርሃኔን ላክሁት።
ወለሉ ለስልሷል፣ ብዙ ዘመን አንድ ጎን እንዳረፈበት መደብ፤
አዲስ የናይሎን ገመድ፣ ጫፉ ላይ የጦር ብረት።
ሌላ የለም።

ጠበቅሁ። ፊሉ ሰዓቱን አሳየኝ። ጠበቅሁ።
ዞር ስል የዋሻው አፍ በሩቁ፣ ሰማያዊ መስኮት፤
እንዲህ ያለ ሰማያዊ በየብስ ላይ አላየሁም።
አባቴ «ጸሎት ቤት» ይለዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አይስምም።
ፊሉ አውራ ጣቱን ቀሰረ። በቃ።

አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ፣ ሕጉ ነው፣ ገመድ ይዞ መቆም፣
ደም ውስጥ የገባው አየር በቀስታ እንዲወጣ።
ከላይ የጀልባዋ ሆድ፣ የአባቴም ጥላ፣ ጎንበስ ብሎ፣
አረፋዬን ይቆጥራል፤ አውቀዋለሁ።
ሦስት ደቂቃ ለውሸት ብዙ ነው፤ ለእውነት አነሰኝ።

ብቅ አልሁ። ጭምብሌ ውስጥ ከአፍንጫዬ ትንሽ ደም።
በአፉ አልጠየቀም፤ ሞተሩንም አላስነሣም።
በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ሁለቱን ጣቶቹን ገጠመ፤
ቀለበት ሠራና፣ ቅንድቡን አነሣና፣ ቆመ።

ቀለበት መለስኩለት።
ክብ፣ ልክ እንዳስተማረኝ፣ መሐሉ ባሕር የሚታይበት።
ደህና ነው ማለት ነው ክቡ።
ዜሮም እንዲሁ ነው የሚጻፈው።

«ወፍሯል?» አለኝ፣ ሲሊንደሬን ሲቀበል፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ።
ጨው ውኃ አሳለኝ።
ፊሉ ጓንቱን አወለቀ፤
ቀይ ነበር።